ያልተቆጠረው ጓሮ

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

ሦስት ማሳ ብቻ። ስምንት ቆጥሬ እመለሳለሁ ብዬ ነበር በጠዋት የወጣሁት። ጥፋቱን ሁሉ በዝናቡ ማላከክ ደግ አይደለም፤ ግማሹ የሆዴ ነው። አንዱ ቤት ቆጮ በጎመን፣ ሁለተኛው ቤት ቆጮ በአይብ፣ ሦስተኛው ቤት የተቀቀለ ጎደሬ። እምቢ ካልኩ ይቀየማሉ፤ እሺ ካልኩ ደግሞ ጎንበስ ብዬ የታችኛውን ቅርንጫፍ መቁጠር አልችልም።

ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም። ከየማሳው አምስት የቡና ዛፍ እመርጣለሁ። ከላይ፣ ከመሀልና ከታች አንዳንድ ቅርንጫፍ ይዤ ፍሬውን እቆጥራለሁ፤ ከዚያ ማባዛት ነው። ሁለት ጊዜ እንዳልቆጥር የተቆጠረው ዛፍ ላይ የእንሰት ቃጫ አስራለሁ። መጀመሪያ በጠመኔ ምልክት አድርጌ ነበር፣ ዝናቡ አጠበው። ሠላሳ ዓመት ሂሳብ ያስተማረ ሰው ጠመኔ በውሃ እንደሚጠፋ ማወቅ ነበረበት።

የዘንድሮን ነገር እንዳልረሳው፦

የበልጉ ዝናብ ዘገየ።

ከመጣ በኋላም እየመጣ እየጠፋ አስቸገረ፤ ቡናው ሦስት ጊዜ አበበ።

ስለዚህ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ አተር የሚያህል ፍሬም፣ የስንዴ ቅንጣት የሚያህልም፣ የክብሪት ራስ የሚያህልም አለ።

የክብሪት ራሷን ልቁጠራት ወይስ ልለፋት? የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ ሰላማዊት አብራኝ ትዞራለች፤ የዲላ ልጅ ናት፣ የተማረች ናት፣ እሷን ጠየቅኳት። "ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርህ? ዘንድሮ መጽሐፉም ግራ ይገባዋል" አለችኝ። ግማሹን ለመቁጠር ተስማማን።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 15

አምስት ማሳ። ዝናቡ እስከ ቀትር ታገሰን።

የሚያስጨንቀኝን ነገር ልጻፈውና ይውጣልኝ። አምና ግምቱን የሰጠሁት እኔ ነበርኩ። ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ኩንታል እሸት ቡና ይገባል አልኩ። በዚያ መሠረት የገበሬዎች ማኅበራችን የቡና ማድረቂያ አልጋ ጨመረ፣ የማኅበራቱ ዩኒየንም ሠራተኛ ላከ። የገባው ሁለት ሺህ እንኳ አልሞላም። አዲሶቹ አልጋዎች ሲሰቀሉም ሲወርዱም አንድ ፍሬ ቡና አላዩም። ከዚያ ወዲህ ቀበሌው ውስጥ "መምህር ባዶ አልጋ" እባላለሁ። ባለቤቴ ብርቱካን ስሙን አትወደውም፤ የማያውቅ ሰው ሲሰማ ምን ይለናል ትላለች።

በእኔ ጦስ ዘንድሮ አዲስ ደንብ ወጣ። ግምቱ ሁለት ሺህ ኩንታል ያልደረሰ ቀበሌ የቡና መፈልፈያ ጣቢያው አይከፈትለትም፤ ገበሬው እሸቱን ወደ ጎረቤት ቀበሌ ጣቢያ ይወስዳል። ወረቀቱ የፊታችን ሰኞ ፍስሐ ገነት፣ ዩኒየኑ ቢሮ መግባት አለበት።

የጎረቤት ጣቢያ ማለት ለእኛ ከወንዙ ማዶ ነው። ቁልቁለት ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ዳገት ወጥቶ፣ ሁለት ሰዓት። መኪና አይገባም፤ ሸክም ነው። የተለቀመ ቀይ እሸት ደግሞ አያድርም፣ በዕለቱ መፈልፈል አለበት። ጣቢያችን ከመከፈቱ በፊት ብርቱካን አሥራ አንድ የለቀማ ወቅት ያንን መንገድ ተሸክማ ተመላልሳለች። እኔ በዚያ ሰዓት ክፍል ውስጥ ክፍልፋይ አስተምር ነበር። ዛሬም ክረምት ሲገባ ወገቧን ይዛ ነው ከመቀመጫዋ የምትነሳው። አንድም ቀን አንተ የት ነበርክ አላለችኝም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16

ጋሽ ሮባ አላስቆጥርም አሉ። በቀበሌው ትልቁ ማሳ የእሳቸው ነው፤ ካልተቆጠረ ግምቱ ግምት አይሆንም። በራቸው ላይ በርጩማ አውጥተው መንገዱን ዘግተው ተቀመጡ።

"ዛፍ ላይ ያለ ቡና የሚቆጥር ጦጣ ነው" አሉ። "ሰው የሚቆጥረው ቅርጫት ውስጥ ሲገባ ነው። አባቴም አልቆጠረም።"

ሰላማዊት ስለ ደንቡ፣ ስለ ጣቢያው በትሕትና አስረዳቻቸው። ጋሽ ሮባ ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ነው የሚሉት። "አንተ ጎበዝ ልጅ ነህ" አሏት በመጨረሻ፣ "ቁጠር። ለእኔ ግን ስንት እንደሆነ እንዳትነግረኝ።" እሷም እንዳኮረፈች አስመስላ "እሺ አባባ፣ አልነግርህም" አለቻቸው። ተሳሳቁ።

ከዚያ እንደ ደንቡ ቤት ተገባ፣ ተበላ። ከፊት ለፊት ያለውን ማሳቸውን ራሳቸው እየመሩ አሳዩን። ያ ቡና እንዴት ያምራል! ቅርንጫፉ ጎንበስ ብሏል። ቃጫ አሰርኩበት።

ስድስት ማሳ ሆነ። እግሬ አልቋል።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 17

ተፈጸመ። ሃያ ማሳ። ከቀትር በኋላ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ ደመርኩ፣ አባዛሁ፣ እንደገና ከታች ወደ ላይ ደመርኩ። ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ኩንታል።

ደስታዬን አልደብቅም። ለማኅበሩ ሊቀመንበር ለጅግሶ ደወልኩለት። ጅግሶ የልጅነት ጓደኛዬ ነው፤ ሲደሰት በጌዴኦኛ ነው የሚመርቀኝ፣ ዛሬ ረጅም ምርቃት ነበር።

ለብርቱካንም ነገርኳት። ጎመን እየከተፈች ነበር። እጇ ቆመ።

"የት የት ቆጠራችሁ?" አለችኝ።

ቤቶቹን በስም ዘረዘርኩላት። "ቤቶቹንማ አውቃለሁ" አለችና ወደ መክተፏ ተመለሰች። አነጋገሯ አልጣመኝም። ብርቱካን እንዲህ በአጭሩ ስትመልስ አንድ ነገር እያመዛዘነች ነው።

ዓርብ፣ ሐምሌ 18

ጠዋት ከጓሮ መጣችና አንድ ጣሳ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ወረቀቴ አጠገብ አስቀመጠች። ጣሳው ሙሉ የቡና ፍሬ ነው። ጥሬ፣ አረንጓዴ፣ ጎን ጎኑ የጠቆረና የሰረጎደ። አንዳንዱ እንደ ከሰል።

"ከአንድ ዛፍ ሥር ነው" አለች። "የትናንትና የዛሬ ብቻ።"

የየትኛው ዛፍ ብዬ ጠየቅኳት። እንሰት የምንፍቅበት ጋ ያለው አለችኝ።

እዚህ ላይ ነገሩ ገባኝ። በእኛ አገር ሴቶች እንሰት የሚፍቁበት ቦታ ወንድ አይገባም፤ ነውር ነው። ያ ቦታ ደግሞ ሁልጊዜ ከቤት ጀርባ፣ እንሰቱ ጥቅጥቅ ያለበት፣ ፀሐይ የማይደርስበትና እርጥበት የማይለቀው ነው። እዚያም ቡና አለ። የማሳው አንድ ሦስተኛ እዚያ ነው። እኔ ከሃያ ማሳ አንዱንም ከጀርባው አላየሁትም። እንግዳ ስለሆንኩ በፊት በር አስገቡኝ፣ አበሉኝ፣ የሚያምረውን አሳዩኝ። እኔም የሚያምረውን ቆጠርኩ። አምናም ያደረግኩት ይኸንኑ ነበር ለካ!

ሰላማዊት ስትመጣ ጣሳውን አሳየኋት። አንዷን ፍሬ ሰንጥቃ አየችና "የፍሬ በሽታው ነው፣ ብርድና ዝናብ ይወዳል" አለች። ቀጥላ ፊቷ ቀላ። "እኔስ ሴት ነኝ፣ መግባት እችል ነበር። ግን እኔንም ከአንተ ጋር ሶፋ ላይ አስቀመጡኝ።"

"እናንተ ሽቅብ ስታዩ እኛ ቁልቁል ነው የምናየው" አለች ብርቱካን። የወቀሳ ድምፅ አልነበረውም። ሁላችንንም እያየች ቀጠለች፦ "ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ደግነቱ ገና ሦስት ቀን አለ። እኛ እንቆጥርላችኋለን።"

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19

ቤት ነው የዋልኩት። ሥራ የለኝም። ብርቱካን፣ አራት ጎረቤቶቿና ሰላማዊት ሃያውን ጓሮ ተከፋፍለው ወጥተዋል። ብርቱካን ትናንት ማታ ከጓሯችን ዛፍ ሥር የማዳበሪያ ጆንያ አንጥፋለች፤ በየጠዋቱ የረገፈውን ልትቆጥር ነው። የመጀመሪያው ጠዋት አርባ ስድስት።

ስድስቱም ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ጭቃ በጭቃ ሆነው ተመለሱ። ማንም ቤት ቁጭ በሉ አላላቸውም፤ ለዚህ ነው በአንድ ቀን የጨረሱት። አንዷ የቁጥሩን ወረቀት ከጡቷ ሥር አውጥታ ሰጠችኝ፣ ደረቅ ነው። የእኔ ወረቀት ሳምንቱን ሙሉ እንደ ራሰ ነበር።

ደመርኩ። ከጓሮው ቡና ከሦስት ፍሬ ሁለቱ መሬት ላይ ነው። አዲሱ ግምት አንድ ሺህ ስምንት መቶ።

ቁጥሩን ጮክ ብዬ አላነበብኩትም። ብርቱካን ፊቴን አይታ አወቀች። ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ በመሰላሉ ወደ ቆጡ ወጣች፣ ስትወርድ የድሮውን የሸክም ገመድ ይዛ ነበር። የቃጫ ገመድ፣ ትከሻ የሚያርፍበት ላይ የለሰለሰ። ጫፉን እየሳበች ጥንካሬውን ሞከረች፣ ውሃ ውስጥ ነክራ በሩ አጠገብ ካለው ችንካር ላይ ሰቀለችው።

"ምን ነበር ዝም ብትይ" አልኳት። ማለት አልነበረብኝም። አመለጠኝ።

"ዝም ብል ቡናው ዛፉ ላይ ይመለስ ነበር?" አለች። "ጣቢያውን ከፍተው፣ ሰው ቀጥረው፣ አልጋ ሰቅለው ሳይሞላ ቢቀር ከርሞ ጨርሶ ይዘጉታል። ያኔ አንድ ዓመት አይደለም የምሸከመው።"

ሂሳብ አስተማሪው እኔ ነኝ። ይህን ሂሳብ ግን እሷ ነች የሠራችው።

እሑድ፣ ሐምሌ 20

ከጆንያው ላይ ሃምሳ አንድ። ጨመረ። ዝናቡም እንደዚያው።

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ጅግሶ ክንዴን ይዞ ከአጥሩ ጥግ ወሰደኝ። ወሬው ደርሶታል። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይቀለኝ ነበር።

"ስማ" አለኝ። "ሁለት ሺህ ብለህ ብትጽፍ ማን ይሞታል? ግምት ነው። ግምት ማለት እኮ ግምት ነው።"

"አምናም ያልኩት ይህንኑ ነበር" አልኩት።

"አምናማ ተሳስተህ ነው። አሁን አውቀህ ትንሽ ከፍ ብታደርገው ለሕዝቡ ነው። የእናቴ እህት፣ በዚህ ዕድሜዋ፣ ያንን ዳገት ትውጣ?" አክስቱን አውቃታለሁ፣ እሷ ናት ያሳደገችው።

ቁጥሩን ማታ እንደማስብበት ነግሬው ተለያየን። ቤት ስገባ የመጀመሪያ ያየሁት ያንን ገመድ ነው። ሁለት መቶ ኩንታል ብቻ ነው የሚጎድለው። የክብሪት ራሶቹን ሙሉ በሙሉ ብቆጥራቸው ይሞላል። ውሸትም አይባልም፣ አሉ እኮ፣ ዛፉ ላይ ናቸው። ይህን ሁሉ አሰብኩ። እዚህ የምጽፈው ማሰቤን እንዳልክድ ነው።

ሁለቱንም ወረቀት አዘጋጀሁ። አንዱ ላይ ሁለት ሺህ፣ አንዱ ላይ አንድ ሺህ ስምንት መቶ። ብርቱካን ሁለቱንም አየች፣ ነገ የምለብሰውን ሸሚዝ ልትተኩስልኝ ሄደች።

ሰኞ፣ ሐምሌ 21

ሠላሳ ስምንት።

ፍስሐ ገነት በሞተር ሄድኩ። ሹፌሩ ሁለት ጊዜ ወርደህ ግፋ አለኝ፤ የብርቱካን ሸሚዝ እንደ ታጠበ ሳይሆን እንደ ተቀበረ ሆኖ ደረሰ። ሁለቱም ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነበሩ። ደረጃውን እየወጣሁ እንኳ የትኛውን እንደማወጣ አላውቅም ነበር።

የዩኒየኑ ባለሙያ ረጋ ያለ ሰው ነው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ ነው የሚያነበው። ጠረጴዛው ላይ የሌሎቹ ቀበሌዎች ወረቀቶች ተደርድረዋል። ተገልብጠው ነበር የሚታዩኝ፣ ግን ቁጥር በተገላቢጦሽ ማንበብ የአስተማሪ ሙያ ነው። ሁለት ሺህ አንድ መቶ። ሁለት ሺህ ሃምሳ። ሁለት ሺህ አንድ መቶ። ሁሉም ከደንቡ ትንሽ ከፍ ብሏል። ፈተና ሲኮርጁ የያዝኳቸውን ልጆች አስታወሱኝ፤ መልሳቸው እንዲህ ይመሳሰል ነበር።

አንድ ሺህ ስምንት መቶውን አወጣሁ። ጀግንነት አይደለም። ከእነዚያ ጋር ተደርድሮ እንዳይታይ አፍሬ ነው።

ሰውየው አነበበ፣ ደግሞ አነበበ። ከሥር የጻፍኩት ላይ ጣቱ ቆመ፦ የቤት ጀርባው ቡና በሴቶች ተቆጥሯል።

"ይህ ምን ማለት ነው?" አለኝ።

ነገርኩት። ጣሳውን፣ ሶፋውን፣ ሁሉንም። እሱም የዚሁ አገር ልጅ ነው፣ ማስረዳት አላስፈለገኝም። መነጽሩን አውርዶ የተደረደሩትን ወረቀቶች አንድ በአንድ ተመለከተ። "እነዚህንስ ማን ቆጠራቸው?" አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ።

ጣቢያችንስ አልኩት። "ደንቡ ደንብ ነው መምህር። እኔ ብቻዬን አልወስንም፣ እንነጋገርበታለን" አለ።

ሁለት ሺህ የሚለውን ወረቀት ስመለስ ወንዙ ላይ ቀድጄ ጣልኩት።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 22

ሃያ አራት። ዛሬ ከቀትር በፊት ፀሐይ ወጣች። ሰላማዊት የእንሰቱን አሮጌ ቅጠል አውርዱለት፣ አየር ይግባው አለች፤ ሴቶቹ ከጠዋት ጀምረው እየገፈፉ ነው። እኔ ከውጭ ቆሜ ቅጠሉን ተቀብዬ እከምራለሁ። እስከ ድንበሩ ነው የተፈቀደልኝ።

ጅግሶ በመንገድ አለፈ፣ ሰላምታ ሰጠኝ፣ አልቆመም። ልጅ ሆነን እንኳ ሳይቆም አልፎኝ አያውቅም። ከፋኝ።

ጋሽ ሮባ ግን መጡ። "ሰማሁ" አሉኝ። "የሴት ጓሮ አስቆጠርክ አሉ። አባቴ ይህንን ቢሰማ..." ብለው ጀመሩና ተዉት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "የእኔ ጓሮ ስንት ሆነ?" አሉኝ። እንዳልነግራቸው አዝዘው እንደነበር አስታወስኳቸው። ሳቁ፣ አልነገርኳቸውም፣ ቅር ብሏቸው ሄዱ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 23

ዘጠኝ።

ከቢሮ ምንም የለም። ስልኬን ሦስት ጊዜ አጥፍቼ አበራሁት። ጥሩ እንቅልፍ አልተኛሁም። የብርቱካንን ወገብ በሞቀ ጨው አሸሁላት፤ ዛሬ ይሻላታል።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 24

ሁለት! ብርቱካን ሁለቱን ፍሬዎች በመዳፏ ይዛ አመጣችልኝ። አንዷ ጭራሽ በሽታም የላትም፣ ወፍ የጣላት ናት አለች። አንድ ተኩል ብለህ ጻፍ አለችኝ።

ወደ አራት ሰዓት ጅግሶ ራሱ መጣ፣ በስልክ አይደለም። በሩ ላይ ቆሞ በአንድ ትንፋሽ ነገረኝ። ዩኒየኑ የሁሉንም ቀበሌ ግምት መልሷል። ነሐሴ አጋማሽ ላይ እንደገና ይቆጠራል፣ የቤት ጀርባው በሴቶች። ያ እስኪሆን የሚዘጋም የሚከፈትም ጣቢያ የለም።

"ተከፈተልን ማለት አይደለም" አልኩት።

"ተዘጋብን ማለትም አይደለም" አለኝ። ገብቶ ተቀመጠ። ስለ እሑዱ እኔም አላነሳሁም፣ እሱም አላነሳም። ቆጮ ቀረበለት፣ ባለፈው ሳምንት በየቤቱ እንዳስጨነቁኝ እኔም ጨምር፣ ጨምር እያልኩ አስጨነቅኩት። ሲወጣ ክንዴን ይዞ ትንሽ ቆየ።

እሱ ከሄደ በኋላ ብርቱካን ገመዱን ከችንካሩ አወረደችው። ቆጡ ላይ ልትመልሰው መስሎኝ መሰላሉን ያዝኩላት። እሷ ግን ቢላዋ አምጥታ መሀሉን ቆረጠችው፣ ለሁለት።

"ነሐሴን ብትጠብቂስ?" አልኳት። "ገና አልተወሰነም እኮ።"

"አንተ ግምትህን ሰጠህ" አለችኝ። "ይህ ደግሞ የእኔ ነው።"

በአንደኛው ጥጃዋን አሰረችበት። ሁለተኛውን ሰላማዊት ስትመጣ ሰጠቻት፣ ገመዱን ወደ ቃጫ እየፈታች በሚቀጥለው ወር የሚቆጠሩት ዛፎች ላይ እንድታስረው። ጥጃዋ ከአሁኑ ገመዷን እያኘከች ነው።